የመስከረም ባሕር

«የዓመት ዕረፍቴን ባሕር ዳር ላሳልፍ ነው» ብዬ ለእናቴ በስልክ ብነግራት «ጎጃም ምን ልትሠሪ ነው? ሳትነግሪኝ አገር ቤት ልትገቢ ኖሯል?» አለችኝ። ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ የቋንቋችን ነው። ሐይቁንም ውቅያኖሱንም «ባሕር» ብሎ የሚጠራ ሕዝብ፣ በጣና ጫፍ ያለውን ከተማ ባሕር ዳር ካለው በኋላ ለጨው ውኃው ዳርቻ የሚሰጠው ሌላ ስም አልቀረውም። «አይደለም፤ እዚሁ ፈረንጅ አገር ያለ ባሕር ነው» ብዬ አረምኳት። ድምጿ ተለወጠ። «ታዲያ ከዳር ሆነሽ እዪው እንጂ ውስጡ እንዳትገቢ» አለች። ለምን እንዳለች ስለማውቅ አልተከራከርኳትም።

የዕረፍቱን ጊዜ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። የምሠራው ፍራንክፈርት አጠገብ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። እንደ ጀርመን የሥራ ልማድ፣ በበጋው የትምህርት ቤት መዝጊያ ወራት ቅድሚያ የሚሰጠው ተማሪ ልጅ ላላቸው ወላጆች ነው፤ ልጅ የሌለን ሰዎች ከማዕዱ የተረፈውን እናነሣለን። ለእኔ የደረሰኝ የመስከረም መጨረሻ ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ ወሩንም ዓመቱንም የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነውና፣ መስከረም ስል ሴፕቴምበርን፣ ጥቅምት ስል ኦክቶበርን ማለቴ ነው፤ አንባቢ ዐደይ አበባውን ለጊዜው ይርሳው።) ባልደረቦቼ አዘኑልኝ፤ እኔም ለራሴ አዘንኩ። ዋና የተማርኩት በልጅነቴ በላንጋኖ ቡናማ ውኃ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ የከተማ መዋኛ ገንዳ እንጂ የጨው ባሕር ገላዬን ነክቶት አያውቅም። አሁን ዕድሉ ሲመጣ፣ የመጣው ቅጠል በሚረግፍበት ወር ሆነ።

ታዲያ በመጸው መባቻ የትኛው የአውሮፓ ባሕር ያስገባል? ጥያቄውን ይዤ የውኃ ሙቀት ሰንጠረዥ ፍለጋ ወጣሁ፤ እንደ ልማዴ ታሪክ ውስጥ ሰጥሜ ቀረሁ። እነሆ ያገኘሁት፦ አውሮፓውያን ከ250 ዓመት በላይ ለዋና ወደ ባሕር ሲወርዱ፣ ጊዜውንና ቦታውን አንድ ጊዜ ሐኪም፣ አንድ ጊዜ ንጉሥ፣ በመጨረሻም መንግሥትና ትምህርት ቤት መርጠውላቸዋል። ውኃውን «አንተስ መቼ ይሻልሃል?» ብሎ የጠየቀው ግን ጥቂት ነው።

አስቀድሞ የመረጠው ሐኪሙ ነው። በ1750 ሪቻርድ ራስል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የባሕር ውኃ ለዕጢ በሽታዎች ስላለው ጥቅም በላቲን አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሰውየው ባሕሩን በገላ ብቻ አላዘዘም፤ በአፍም ጭምር እንጂ። ሕመምተኞቹ ይነከሩበታል፣ ይጠጡታልም። የዓሣ አጥማጆች መንደር የነበረችው ብራይተን ወደ ታላቅ የመዝናኛ ከተማነት የተሻገረችው በእርሱና እርሱን በተከተሉት ሐኪሞች ሰበብ ነው። የእነዚህ ሰዎች ፍልስፍና በብርድ ላይ የቆመ ነበረ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ገላን ደንገጥ አድርጎ ያነቃል፣ ደምን ያንቀሳቅሳል፣ የላላውን ያጠብቃል ይሉ ነበር። ስለዚህ መጸውን አልሸሹትም፤ ሞቃቱን ውኃ ነበር የሚጠራጠሩት።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ሳላዘው ወደ እንጦጦ ሄደ። ማለዳ ሳይነጋ መነሣት፣ በባዶ ሆድ ውኃውን መጠጣት፣ አጥንት የሚሰብር ቅዝቃዜ ውስጥ እየጮኹ መግባት፣ የሚያስገባውም ሰው ያለርኅራኄ ደጋግሞ ማጥለቁ፤ ይህ ሁሉ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የ18ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ ለጠበል የደረሰችው ቄሱን በሐኪም፣ ጸሎቱን በላቲን የሕክምና መጽሐፍ ተክታ ነው ብል የሚቆጣኝ አይኖርም።

የሥነ ሥርዓቱ መሣሪያ ባለ ጎማ የእንጨት ጎጆ ነበረ። ሴትዮዋ አሸዋው ላይ ሳለች ትገባበታለች፤ ፈረስ ጎጆውን እየጎተተ ወደ ውኃው ይወስደዋል፤ እርሷም በጨለማው ውስጥ እየተንገዳገደች ልብሷን ትቀይራለች። በሩ ሲከፈት ፊት ለፊቷ ባሕር ነው። ከታች ደግሞ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ የቆሙ ጡንቻማ ሴቶች ይጠብቋታል፤ ሥራቸው እንግዳይቱን ይዞ ማጥለቅ ነው። የልብ ወለድ ደራሲዋ ፋኒ በርኒ ይህን በራሷ ገላ አይታዋለች። ኅዳር 20 ቀን 1782 ብራይተን ላይ ከወዳጆቿ ጋራ ከንጋት በፊት ተነሥታ፣ በጨረቃ ብርሃን ወደ ባሕሩ ወርዳ ተነክራለች፤ ብርዱም ደስታውም በማስታወሻዋ ሰፍሯል። የኅዳር ባሕር ብራይተን ላይ ከ12 ወይም 13 ዲግሪ አይበልጥም። እኔ በዚያ ሙቀት እጄን እንኳ የምታጠብበት አይመስለኝም።

ይኸችው በርኒ ከሰባት ዓመት በኋላ ደግሞ የንግሥቲቱ የልብስ ጠባቂ ሆና ሌላ ትዕይንት አየች። ሣልሳዊ ጆርጅ አእምሮውን አውኮት ከነበረው ሕመም ገና ማገገሙ ነበረና፣ በ1789 በጋ ወደ ዌይመዝ የባሕር ዳርቻ ተወሰደ። ንጉሡ ራሱን ውኃው ውስጥ በከተተበት ቅጽበት፣ አጠገቡ ባለ ጎጆ ውስጥ አድፍጠው የነበሩ ሙዚቀኞች የንጉሡን መዝሙር አንጎራጎሩ። አስቂኝነቱ እንዳለ ሆኖ፣ የባሕሩ ሥልጣን ከሐኪም ወደ ዙፋን የተላለፈበት ሰዓት ይህ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ የባሕር ዳርቻ የሚመረጠው ለዕጢ ሳይሆን «ማን ይገኝበታል?» ተብሎ ሆነ። በጀርመንም በ1793 የሜክለንቡርግ መስፍን ባልቲክ ዳር ሃይሊገንዳምን ከፈተ፤ የአገሩ የመጀመሪያው የባሕር መታጠቢያ ከተማ የምትባለው እርሷ ናት። ሥራ ቦታ የማግዛቸው አንዲት አሮጊት ስለ ባልቲክ ሲያወሩ ዓይናቸው ስለሚበራ ወደዚያ ለመሄድ ተፈትኜ ነበር፤ በመስከረም መጨረሻ ውኃው 15 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ሳይ ግን ፈተናው ቀላል ሆነልኝ።

ንግሥት ቪክቶሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር የገባችው ሐምሌ 30 ቀን 1847፣ ዋይት ደሴት ላይ ካለው የኦዝቦርን ቤተ መንግሥቷ ዳርቻ ነው። ራሷን እስክትከት ድረስ ደስ ብሏት ነበር፤ ስትከት ግን የታፈነች መሰላት። በባለ ጎማ ጎጆው ውስጥ ልብሷን የቀየረችበት ያ ደሴት ለእኛ ሌላ ትዝታ አለው። ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1868 ሐምሌ፣ ከመቅደላ የተወሰደው የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ የተወሰደው ወደዚያው ነው፤ ንግሥቲቱንም ያገኛት ኦዝቦርን ነው። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዚያው ደሴት ያነሣችለትን ፎቶግራፍ ብዙዎቻችን አይተነዋል። ባሕሩ በፎቶግራፉ ላይ አይታይም። ከደጋ የመጣ ልጅ በዚያ በጋ እግሩን ማዕበል ነክሮ ይሆን? መጽሐፍ አገላብጬ መልስ የማላገኝለት ጥያቄ ነው፤ ከአእምሮዬ ግን አልወጣ አለ።

ወደ ፈረንሳይ ልሻገር። በአትላንቲክ ዳር፣ ከስፔን ድንበር አጠገብ ያለችውን ቢያሪትዝን ቪክቶር ሁጎ በ1843 በጋ ጎበኛት። ነጭ ቤቶቿንና ቋጥኞቿን ወደደ፤ የፈራላት ነገር ቢኖር አንድ ቀን የዘመናዮች መናኸሪያ እንዳትሆን ነበር። ከዚያ ጉዞ ሲመለስ፣ መስከረም 9 ቀን፣ ሮሽፎር አካባቢ አንድ ቡና ቤት ተቀምጦ ጋዜጣ ገለጠ። የ19 ዓመት ልጁ ሌኦፖልዲን ከአምስት ቀን በፊት ሴን ወንዝ ላይ ጀልባ ተገልብጦባት መስጠሟን ያነበበው ከዚያ ጋዜጣ ነው። ሊያድናት የገባው ባሏም አብሯት ሞቷል፤ ከተጋቡ ገና ሰባት ወራቸው ነበር። አባትየው በጋውን ሙሉ በባሕር ዳርቻ ማዕበል ሲያደንቅ ቆይቶ፣ ውኃ ግን በሌላ በር ገብቶ ከቤቱ ልጅ አወጣበት። ስለዚህ ኀዘን የጻፋቸውን ግጥሞች የሚያውቅ አንባቢ፣ ከዚህ በላይ እንድናገር አይፈልግም።

ስለ ቢያሪትዝ የፈራው ደረሰ። በ1854 ናፖሊዮን ሣልሳዊና ባለቤቱ ዩጄኒ መጥተው ከረሙባት፤ ወዲያው ቤተ መንግሥት ሠሩባት። የቤተ መንግሥቱ ወግ በጋው ሲያልቅ መምጣትና መስከረምን እዚያው ማሳለፍ ነበረና፣ የመጸው መባቻ የቢያሪትዝ ወርቃማ ወቅት ሆነ። በ1862 ነሐሴ 22 ቀን፣ በፓሪስ የፕረሽያ አምባሳደር የነበረው ቢስማርክ እዚያ ሲዋኝ፣ አብራው ከነበረችው ከሩሲያዊቷ ልዕልት ካትሪን ኦርሎቫ ጋራ ማዕበሉ ይዟቸው ሊሄድ ሲል አንድ የመብራት ማማ ጠባቂ አወጣቸው። ልክ በወሩ፣ መስከረም 23 ቀን፣ ቢስማርክ በርሊን ላይ የመንግሥቱ ሹም ሆነ። የቀረውን የጀርመን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል። ታሪክ ጸሐፊ «ቢሆን ኖሮ» ማለት አይወድም፤ እኔ ግን ታሪክ ጸሐፊ ስላልሆንኩ፣ ያ ጠባቂ ያን ቀን ምሳውን ትንሽ ቢያረዝም ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ቢስማርክ በ1865 ጥቅምት ወደዚያው ተመልሶ ከናፖሊዮን ሣልሳዊ ጋራ ተነጋገረ፤ በዓመቱ ከኦስትሪያ ጋራ ጦርነት ገጠመ። ያ ሁሉ የአሸዋ ላይ ሽርሽር ለዋና ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው የሜዲትራኒያን ዕጣ ነው። በአህጉሩ ለዋና የሚመቸው ሞቃት ባሕር እያለ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ኒስና ካን የሚሄዱ ባለጸጎች የሚሄዱት በክረምት ነበር። ፀሐዩን ፈልገው በመጸው ይመጣሉ፣ ሙቀቱ ሲጀምር ሻንጣቸውን ይዘው ይጠፋሉ፣ ሆቴሎቹም በሐምሌ ይዘጋሉ። ባሕሩ የመስኮት ጌጥ ነበረ። ይህ ልማድ የተሰበረው በ1923 ጄራልድና ሳራ መርፊ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት አንቲብ ያለውን ሆቴል ዱ ካፕ በበጋ እንዳይዘጋ ካግባቡ ወዲህ ነው ይባላል። ስኮት ፊትዝጄራልድ በ1934 ያሳተመውን በዚያ ዳርቻ የሚጀምር ልብ ወለዱን መታሰቢያ ያደረገው ለእነርሱ ነው። ባለጸጋው ክረምቱን በበጋ የለወጠው በሁለት አሜሪካውያን አርአያነት ከሆነ፣ ሠራተኛው የለወጠው ግን በሕግ ነው። በ1936 ሰኔ፣ የሌዎን ብሉም መንግሥት ለፈረንሳይ ሠራተኛ ሁሉ የሁለት ሳምንት ደመወዝ የማይቆረጥበት ዕረፍት ደነገገ፤ በዚያው በጋ ብዙ ቤተሰብ ባሕርን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። እንግሊዝም በ1938 የራሷን ሕግ አወጣች። ስለዚህ ጉዳይ አልቀልድም፤ እኔም ሠራተኛ ነኝ። ነገር ግን ፋብሪካውም ትምህርት ቤቱም በአንድ ጊዜ ስለሚዘጋ ነሐሴ የባሕር ወር ሆኖ ጸና። ዛሬ ነሐሴ ላይ አሸዋውን በፎጣ መካከል መፈለግ የሚያስፈልገው በውኃው ጠባይ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያው ምክንያት ነው።

ውኃው የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። ባሕርን ከሸክላ ምጣድ ጋራ ባነጻጽረው የእናቴ ማእድ ቤት ይረዳኛል። ምጣድ ቶሎ አይግልም፤ ከጋለ በኋላ ግን እሳቱ ቢጠፋም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። አንድ ኪሎ ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ፣ አንድ ኪሎ አየር ከሚፈልገው ሙቀት አራት እጥፍ ገደማ ያስፈልጋል፤ ባሕሩ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ታችኛው ውኃ እያደባለቀ ያከማቻል። ፀሐይ ከሁሉ የምትረዝመው በሰኔ 21 ሲሆን፣ ባሕሩ ግን የሙቀቱ ጫፍ ላይ የሚደርሰው በነሐሴ ነው፤ ከዚያም ቀስ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ የሜዲትራኒያን ውኃ በመስከረም መጨረሻ በሰኔ መጀመሪያ ከነበረው ይበልጥ ይሞቃል። ፎጣዎቹ ተነሥተው ምጣዱ እንደጋለ ቀርቷል። ባልደረቦቼ ያዘኑልኝ በከንቱ ነበር።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ምርጫው ቀላል መሰለኝ፤ አልሆነም። ወደ ደቡብ መውረድ ብቻ አይበቃምና። ፖርቱጋል ደቡብ ናት፤ ነገር ግን በምዕራብ ዳርቻዋ በበጋ የሚነፍሰው የሰሜን ነፋስ የላይኛውን ውኃ ወደ ጥልቁ እየገፋ ቀዝቃዛውን ከሥር ስለሚያወጣ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ እንኳ ባሕሩ 18 ወይም 19 ዲግሪ ነው። ቢያሪትዝ በመስከረም መጨረሻ 20 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም፣ የመጸው አትላንቲክ ማዕበል ቢስማርክን ከያዘው የነሐሴው ይብሳል፤ ቦታው በሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል ለሚጋልቡት እንጂ ላንጋኖ ለተማረች ሰው አይደለም። የአድሪያቲክ ምሥራቃዊ ዳርቻ ውብና ጥርት ያለ ነው፤ ጠጠሩ ግን ባዶ እግርን ይቀጣል፣ ከተራራው ድንገት የሚወርደው ቦራ የሚሉት ነፋስም ምሕረት የለውም። ሞቃቱ ባሕር ራሱም ዋጋ ያስከፍላል። ከላይ ቀዝቃዛ አየር ሲመጣበት የሞቀው ውኃ ዶፍ ይሆናል። በ2011 ጥቅምት 25 በሊጉሪያ ዳርቻ ያሉትን ቬርናዛንና ሞንቴሮሶን ጭቃ የሞላባቸው እንዲህ ያለ ዝናብ ነው። በ2023 መስከረም ዳንኤል የተባለው ዐውሎ ነፋስ ግሪክን አጥለቅልቆ፣ በሜዲትራኒያን ላይ ኃይል አጠራቅሞ፣ ሊቢያ ሲደርስ ደርና ከተማን ሌሊት ጠራርጎ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ።

እንዲህ እያልኩ ጣቴ ካርታው ላይ ወደ ደቡብ ይወርድ ጀመር። ማዮርካ 24 ዲግሪ። ቀርጤስ 25። ቆጵሮስ ከዚያም በላይ። ሳምንት ባለፈ ቁጥር ሰሜኑ ይቀዘቅዛልና፣ ሙቀት የሚከተል ዋናተኛ አህጉሩ እስኪያልቅበት ይወርዳል። የሚያልቅበትም ቦታ አለ። ከሲሲሊ ይልቅ ለቱኒዚያ የምትቀርብ፣ በጥቅምት መጀመሪያ ውኃዋ ገና 25 ዲግሪ ገደማ የሆነ፣ አሸዋዋ ነጭ፣ ባሕሯ ጀልባ በአየር ላይ የተንሳፈፈ እስኪመስል የጠራ ደሴት። በ2013 መጀመሪያ ትሪፕ አድቫይዘር የተባለው የተጓዦች ድረ ገጽ የዓለም ምርጥ የባሕር ዳርቻ ብሎ የመረጠው ከእርሷ ላይ ያለውን የጥንቸሎች ዳርቻ ነበረ። ደሴቲቱ ላምፔዱሳ ናት።

በዚያው ዓመት ጥቅምት 3 ቀን ሌሊቱ ሊነጋ ሲል፣ ከሊቢያ የተነሣች፣ ከ500 በላይ ሰው የጫነች አንዲት ጀልባ ሞተሯ ቆሞ ከዚያው ዳርቻ ፊት ለፊት ትንሳፈፍ ነበር። ከየብስ የሚያያቸው ቢገኝ ብለው ብርድ ልብስ አቀጣጠሉ። እሳቱ አስፈራ፤ ሕዝቡ ወደ አንድ ወገን ሸሸ፤ ጀልባዋ ተገለበጠች። 368 ሰው ሞተ፤ 155 ተረፈ። አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። መጀመሪያ የደረሱላቸው በትንሽ ጀልባ አድረው የነበሩ ስምንት ወዳጆች ናቸው፤ ከሩቅ የሰሙትን ጩኸት የባሕር ወፎች ድምፅ መስሏቸው ነበር። ጠጋ ሲሉ ሰው መሆኑን አዩ፤ ጀልባቸው የማትችለውን ያህል ጭነው 47 ነፍስ አወጡ። ጣሊያን በ2016 ያን ዕለት በሕግ የመታሰቢያ ቀን አድርጋዋለች። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ጥቅምት 3 የአገሪቱ የውሕደት በዓል ስለሆነ ሥራ ዝግ ነው፤ የእኔም ዕረፍት የሚያልቀው በእርሱ ነበር።

ሰንጠረዡ «25» ይላል፤ አጠገቡም «ለዋና ተስማሚ»። ያን ሌሊትም ውኃው ይኸው ነበረ።

የእናቴን ነገር አሁን ልናገር። ከእኛ ቤት በሦስተኛው በር የሚኖሩ ጎረቤታችን አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። ከእኔ አምስት ዓመት ያንሳል። በሱዳን አድርጎ ሊቢያ መድረሱን በስልክ ተናገረ፤ «ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ባሕር እንገባለን» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ አልተነሣም። ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ምን ብለው ይቀመጣሉ? እናቴ በየሳምንቱ ቡና ስትጠጣ የምትሰማው የእርሱን ወሬ ነው፤ ወሬ የለም የሚለውን ወሬ። «ባሕር መግባት» የሚለው ሐረግ በእኛ ሰፈር ትርጉሙ ከተለወጠ ቆይቷል። ለእርሷ ደግሞ ባሕር ለደስታ የሚገባበት ነገር መሆኑን ማስረዳት፣ እሳት ለመዝናናት ይገባበታል እንደማለት ነው።

ላምፔዱሳ መሄድ ኃጢአት ነው አልልም። ደሴቲቱ በእንግዳ የምትተዳደር ናት፤ የሚሰጥሙትንም ስታወጣ የኖረች ናት። እኔ አልቻልኩም እንጂ። ካርታውን አጠፍኩት።

በመጨረሻ የመረጥኩት ወደ ላይ ተመልሼ ሊጉሪያን ነው፤ ላ ስፔዚያ አጠገብ፣ በሌሪቺና በሳን ቴሬንዞ መካከል ያለችውን ትንሽ የባሕር ክንድ። ሙቀቷ 22 ወይም 23፤ ማዕበሏ ገራም፤ ከፍራንክፈርት በባቡር የሚደረስባት። እውነቱን ለመናገር ግን የሳበኝ ሰንጠረዡ ሳይሆን ሼሊ ነው። ገጣሚው በ1822 ሳን ቴሬንዞ ላይ ውኃው ከደጃፉ የሚደርስ ካዛ ማኚ የተባለ ቤት ተከራይቶ ነበር። ባሕር ያመልክ ነበር፤ ዋና ግን አይችልም። ሐምሌ 8 ቀን ከሊቮርኖ በጀልባ ሲመለስ ዐውሎ ነፋስ ያዘው። አስከሬኑ ቪያሬጆ አካባቢ አሸዋ ላይ ሲገኝ፣ ከኪሱ ውስጥ የኪትስ ግጥሞች ነበሩ። ነሐሴ ላይ እዚያው አሸዋ ላይ ሲያቃጥሉት፣ ወዳጁ ባይረን ማየቱ አልሆንልህ ብሎት ልብሱን አውልቆ ባሕሩ ላይ ወደቆመችው ጀልባው ዋኘ። አንካሳ እግሩ በየብስ ሲያሳፍረው የኖረ ሰው፣ ውኃ ውስጥ ግን ማንም የማይቀድመው ነበረ፤ በ1810 ከአውሮፓ ወደ እስያ የዳርዳኔልስን ወሽመጥ በዋና ተሻግሯል። ከመስጠም ወሬ ሸሽቼ የሰጠመ ገጣሚ ደጃፍ መሄዴን ሳስበው ሳቄ መጣ። አውሮፓ ውስጥ ማንንም ያልወሰደ ባሕር የሚፈልግ ሰው ገንዳ ቢገባ ይሻለዋል።

ሳን ቴሬንዞ የደረስኩት ማታ ነው። በማግሥቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ዳርቻው ስወርድ ባለ ጃንጥላዎቹ ወንበሮች ተነሥተው፣ የቀሩት አምስት ስድስት አሮጊቶች ብቻ ነበሩ። ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ እስከ አንገታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ክብ ሠርተው ወሬ ይዘዋል። ሲኒና ረከቦት ብቻ ነው የጎደላቸው። አንደኛዋ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገብቼ መቆሜን አይተው በእጃቸው ጠሩኝ፤ ጣሊያንኛ ባልችልም ውኃው ሞቃት ነው እያሉኝ እንደሆነ ገባኝ። አየሩ ከውኃው ይበርዳል። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ከዚያ ወገቤ፣ ከዚያ እግሬ መሬት ለቀቀ። የጨው ውኃ ሰውን ወደ ላይ እንደሚያነሣ አንብቤ ነበር፤ ገላ ግን በንባብ አያምንም። ላንጋኖ እንዲህ ተሸክሞኝ አያውቅም። በጀርባዬ ተንጋልዬ ካዛ ማኚን፣ ከኋላውም የወይራ ዛፍ ያለበትን ኮረብታ አየሁ። ጆሮዬ ውኃ ውስጥ ስለነበረ የአሮጊቶቹ ሳቅ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስል ነበር።

እንዲህ አድርጌ ሰባት ጠዋት ዋኘሁ። በስምንተኛው፣ በጥቅምት 3፣ ከአሮጊቶቹ ቀድሜ ወረድኩ። ብዙ አልራቅሁም። ወጥቼ ፎጣዬ ላይ ስቀመጥ ስልኩ ጠራ፤ እናቴ ነች።

«አሁንም እዚያው ባሕር ዳር ነሽ?»

«አዎ፤ ዛሬ ማታ እመለሳለሁ።»

«ውስጡ አልገባሽም አይደል?»

«አልገባሁም» አልኳት። ከፀጉሬ የሚወርደው ውኃ ስልኩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።